ከቀለሙ ሥር ያለችው ኖኤሚ

ከፓሪስ ወጣ ብላ በሴን ወንዝ ዳር ባለችው ሻቱ መንደር ውስጥ ዜሊ ማርሾን የማያውቅ አልነበረም። ሰውየው የፓሪስም ይሁን የዚያው አገር፣ ሸሚዙ ነጭ ከሆነ በእሷ እጅ አልፏል ማለት ነው። ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ከዳር በሰንሰለት የታሰረ፣ ጣሪያ ያለው ረጅም የአጣቢዎች ጀልባ አለ። ዜሊ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ላይ፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት ሳጥን ውስጥ ተንበርክካ፣ የሰው ልብስ በሴን ወንዝ ስታለቀልቅ ኖራለች። አጭር፣ ትከሻ ሰፊ፣ ንግግረ ቁጥብ ሴት ነበረች። እጇ ከክርኗ በታች ክረምት ከበጋ ቀይ ነው። ባሏ የድንጋይ ከሰል በሚጭን ጀልባ ተቀጥሮ ወደ ሩዋን እንደወረደ ቀረ። ይሙት ይኑር የነገራት የለም፣ እሷም ብዙ አልጠየቀች። የነበረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ ኖኤሚ።

ኖኤሚ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሞተች። ልጅ የሞተባት እናት በየመንደሩ ሞልታለች፤ ዜሊም እንደሌሎቹ አልቅሳ፣ ቀብራ፣ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልቧን የነሳት ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። የልጇን መልክ ረሳች። ይህን ለሰው መናገር እንኳ ያሳፍራል፤ እናት ልጇን ረሳች ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው ልጅቷ ሳትሞት፣ በእሁድ ነው።

እሁድ እሁድ ባቡሩ ፓሪስን ጠቅልሎ ያመጣዋል። የቢሮው ጸሐፊ፣ የሱቋ ሻጭ፣ ጠበቃው ከነውሽማው፣ ሁሉም ከጣቢያው ይንጋጋና ወንዙን የአባቱ ርስት ያደርገዋል። ጀልባ ይከራያሉ፤ መቅዘፊያ አያያዝ ሳያውቁ እየተጋጩ ይሳሳቃሉ፤ በዘይት የተጠበሰች ሚጢጢ ዓሣ ከነአጥንቷ ይቆረጥማሉ፤ ውሃው ላይ በተንሳፈፈው የጭፈራ መድረክ እስኪጨልም ይሽከረከራሉ። ያ ሁሉ ወይን፣ ያ ሁሉ ሣር፣ ያ ሁሉ የዓሣ ዘይት ልብሳቸው ላይ ተጋግሮ ሰኞ ጠዋት ወደ ጀልባዋ ይመጣል። ከዜሊ ቀጥሎ የምትንበረከከው ትልቋ አጣቢ እማማ ቱርኔል፣ «እነሱ እሁድ ይጽፋሉ፣ እኛ ሰኞ እናነባለን» ትል ነበር። የማን ቀሚስ ጀርባው ላይ ሣር እንዳለበት ከእሷ የሚደበቅ አልነበረም።

አጣቢዎቹም የራሳቸው እሁድ አላቸው። በመካከላቸው የማይነገር ልማድ አለ፦ ቅዳሜ ታጥቦ፣ አሚዶ ገብቶ፣ ተተኩሶ፣ ሰኞ ወደ ባለቤቱ የሚመለስ ቀሚስ እሁድን በከንቱ ተሰቅሎ አይውልም። ልኳ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ለብሳ ትወጣበታለች፣ ማታ ትተኩሰዋለች፣ ባለቤቲቱም አታውቅም። ታውቅም ይሆናል፣ ግን ማን ያጥብላታል?

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ለኖኤሚ ልኳ የሆነው፣ ኮረብታው ላይ ነጩን ቤት የተከራየች የአንዲት የፓሪስ ሴት ቀሚስ ነበር። ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ጭረት ያለው፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ጫፉ እስከ ጫማ የሚወርድ። ልጅቷ ለብሳው ስትወጣ ዜሊ ልቧ አንድ ጊዜ ደስ አለው፣ አንድ ጊዜ ፈራ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ልጄ» አለቻት።

«ለእሁድ ያደምቃል፣ እማ። ሰኞ እንመልስላቸዋለን» አለች ኖኤሚ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች።

ያን ቀን ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ቆማ ሳለ ሙሴ ብሪሳር፣ አቶ ብሪሳር እንደ ማለት፣ አያት። አናቶል ብሪሳር ግንቦት ሲገባ የሚመጣ፣ ከእንግዳ ማረፊያው ፎቅ አንዲት ክፍል የሚከራይ ሠዓሊ ነው። ሌሎች ሠዓሊዎች ቤታቸው ተዘግተው ነገሥታትና ቅዱሳን ሲስሉ፣ እሱ በትልቅ ጃንጥላ ሥር ወንዝ ዳር ተቀምጦ ጀልባና ባርኔጣ ይስላል። በአጣቢዎች ዘንድ የሚታወቀው በሸሚዙ ነው። እጅጌው ላይ የማይለቅ ቀለም ስለማይጠፋ ስሙ ሲነሳ የሚረግመው እንጂ የሚመርቀው አልነበረም። እና ይህ ሰው ኖኤሚን የፓሪስ ወይዘሮ መስላው ባርኔጣውን አነሳና እባክዎን እንደዚያው ይቁሙልኝ አላት። እሷም አነጋገሯ እንዳያጋልጣት ሳትናገር፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ እንደ ወይዘሮ ቆመችለት። ሁለት እሁድ ቆመች። ዜሊ ከጀልባዋ ጫፍ ሆና ታያቸው ነበር። ባለ ቀሚሷ ሴት በዚያ እንዳታልፍ እየጸለየች፣ ልጇ ደግሞ ፀሐይ ላይ እንዴት እንዳማረባት እያየች።

በዚያው ዓመት በመስከረሙ ባዛር ፎቶግራፍ ሊነሱ ተነጋግረው ነበር። ፎቶ አንሺው ድንኳኑን የሚተክለው በዚያን ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ መንደሩ ውስጥ ተስቦ ገባ። ኖኤሚ አሥራ አንድ ቀን ታመመች። ትኩሳቱ ይወጣ እንደሆነ ብለው ፀጉሯን ላጯት፤ ጉንጯ ጎደጎደ፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻው ቀን እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ይህቺ የማን ልጅ ናት እስክትል ድረስ ሌላ ሆነች። ባዛሩ ሲቆም ኖኤሚ አፈር ከገባች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊቷ የትም ነበር። ዜሊ ውሃ ስትቀዳ፣ ዳቦ ስትቆርስ፣ ሻማ ስታጠፋ ውል ይላታል። ታለቅሳለች፣ ግን ታያታለች። ጥር ላይ፣ የወንዙን በረዶ በመደብደቢያ እንጨታቸው እየሰበሩ በሚያጥቡበት ሰሞን፣ አንድ ቀን አንሶላ እየጠመዘዘች ልጇን በሐሳቧ ጠራቻት። አልመጣችም። ደግማ ጠራቻት፤ የመጣችው ያቺ ፀጉሯ የተላጨው በሽተኛ ናት። ከሳምንት በኋላ እሷም አልመጣችም። ድምጿ አለ፣ ደረጃ ስትወጣ የእግሯ ኮቴ አለ፣ ጠዋት የምታስነጥሰው እንኳ አለ። ፊቷ የሚገባበት ቦታ ላይ ግን ምንም የለም።

አንሶላውን ይዛ ደርቃ ቀረች።

«እማማ» አለች፣ «የኖኤሚ አፍንጫ ቀጥ ያለ ነበር ወይስ ጫፉ ቀና ያለ?»

«አፍንጫ ነበራት፣ እንደ ሰው» አለች እማማ ቱርኔል ቀና ሳትል። ከዚያ ቀና ብላ የዜሊን ፊት ስታይ በቀልዷ ተጸጸተች። አስባ አስባ ጫፉ ቀና ያለ ይመስለኛል አለች። ከወዲያ ያለችው አጣቢ ደግሞ ኧረ ቀጥ ያለ ነበር አለች።

ከዚያ ወዲያ ዜሊ መጠየቅ አላቆመችም። ዳቦ ጋጋሪው ዓይኗ ግራጫ ነበር አላት፤ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ቡናማ ነው ብላ ተቆጣችው። ቄሱ የሁላችንም መልክ በእግዚአብሔር ዘንድ አለ አሏት። ለእሳቸው በቂ ሊሆን ይችላል። ሰው ሲያያት መንገድ መቀየር ጀመረ፤ የሚሰጣት የለውማ። ሰባት መቶ ሰው ያያት ልጅ፣ በየቀኑ ልብስ ተሸክማ በየደጁ ያንኳኳች ልጅ፣ በአምስት ወር ውስጥ አፍንጫዋን የሚያውቅ ጠፋ። እኔም የዚያው መንደር ሰው ነኝ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል። አጣቢ በር ላይ ስትቆም ሰው የሚያየው ቅርጫቱን ነው።

የካቲት ላይ ከልብሱ ክምር ሥር የተረሳ አንድ ሸሚዝ ወጣ። እጅጌው ላይ ሰማያዊ ቀለም። ዜሊ ሸሚዙን ይዛ ብድግ አለች። ሁለት እሁድ! ሰውየው ሁለት እሁድ ሙሉ ተቀምጦ ልጇን ሲያይ ነበር። ከእሷ በቀር በዚህ ዓለም ላይ ኖኤሚን ያን ያህል ጊዜ ትኩር ብሎ ያየ ሰው የለም። ያየውንም አስቀምጦታል።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የፓሪስ አድራሻውን ሰጣት። ሸሚዙን እንደገና አጠበችው፣ አሚዶ አስገባችለት፣ እንደ ሠርግ ሸሚዝ ተኮሰችው። ማክሰኞ በባቡር ሄደች። ባቲኞል ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሙሴ ብሪሳርን ምድጃው ባልነደደ ክፍል ውስጥ ካፖርቱን ደርቦ ቆሞ አገኘችው። ሸሚዝዎን ይዤ መጣሁ አለች። አመሰገናትና ተቀበላት። እሷ ግን አልሄደችም፤ በሩ ላይ እንደቆመች አለቀሰች። ከዚያ እየተደነባበረች የወይዘሮዋን ቀሚስ ጉዳይ፣ ልጅቷ ወይዘሮ እንዳልነበረች፣ ነሐሴን፣ ሁሉንም ነገረችው።

ሠዓሊው ደንግጦ ሲሰማት ቆየና ግድግዳ ሥር ፊታቸውን አዙረው የተደረደሩትን ሸራዎች ያገላብጥ ጀመር። የሚፈልገው መጨረሻ ላይ ነበር። ባለፈው ኅዳር ለሕዝብ አሳይቶት ሰው ስቆበት ነበር፤ አንድ ጋዜጣ ሠዓሊው ሸራው ላይ አስነጥሶበታል ብሎ ጻፈ። አውጥቶ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ አቆመላት።

ዜሊ ከበሩ ሆና አየችው። ወንዙ እሳት እንደ ነካው ያብለጨልጫል፤ ጀልባዎች፣ ቢጫ ባርኔጣዎች፣ ከዛፎቹ መሐል እየተንጠባጠበ ሣሩ ላይ የሚወድቅ ፀሐይ። መሐሉ ላይ ጃንጥላ ይዛ የቆመችው ኖኤሚ ናት። ራሷ ናት፤ አቋቋሟ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ማድረጓ። እየሳቀች ነው።

ዜሊ «ኖኤሚዬ» አለችና ሮጠች። አሥር እርምጃ ያህል ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ ልጅቷ እየሟሟች ሄደች። ወንበሩ ጋ ደርሳ ስትንበረከክ ቀሚሱ አለ፣ ጭረቱ አንድ በአንድ አለ፣ እሷ ራሷ የጠገነችው የጫፉ ጥልፍ ሳይቀር አለ። ፊቱ ግን አንድ ብሩሽ ሙሉ ሮዝ ቀለምና ከጎኑ የተለጠፈ ትንሽ ሰማያዊ ጥላ ነው። ዓይን የለም። አፍ የለም። አፍንጫ የለም።

«ፊቷስ?»

«ፊቷ ይኸው ነው፣ ማዳም። ከራቅ ብለው ነው የሚያዩት። እዚያ በሩ ጋ ይመለሱ።»

«ሙሴ፣ እኔ እናቷ ነኝ» አለች ዜሊ። «ልጄን ከሩቅ አልነበረም የማያት።»

ሙሴ ብሪሳር ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፓሪስ ሰው ሁሉ ክፉ ነው የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ተንበርክካ እያየች ያቺን ሮዝ ቀለም በጣቷ ስትዳብስ የሚያጽናናት ነገር ፈለገ፣ ያገኘውንም ተናገረ።

«መጀመሪያ ሠርቼው ነበር» አላት። «ዓይኗን፣ ቅንድቧን፣ አፏን፣ ሁሉንም ደህና አድርጌ። ኋላ ያ ሁሉ ዝርዝር የፀሐዩን ብርሃን ገደለብኝ፣ በላዩ ቀባሁበት።»

«እና የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ከሥሩ አለ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱ ለማጽናናት ያላት ነገር ነው፤ ኋላ እንደነገረኝ፣ በነጋታው እንዲህ ማለቱንም አላስታወሰም። ዜሊ ግን ጆሮዋ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልሰማም። ሥዕሉን ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው ሲላት እንኳ በራሷ ነቀነቀችለት እንጂ አላመሰገነችውም። በአንሶላ ጠቅልላ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ በባቡር ይዛት ተመለሰች።

የዜሊ ክፍል ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ ናት። በአራት እርምጃ ኖኤሚ ልትመጣ ትልና ትቀራለች። ዜሊ በሩን ከፍታ ውጭ ቆማ ሞከረች፤ የመንገዱ ግድግዳ አላስኬድ አላት። ሥዕሉን መስኮት ላይ አስቀምጣ ከጎረቤት ግቢ ሞከረች፤ ጎረቤትየው ዶሮ የሚሰርቁበት መስሎት ወጣ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጀልባዋ ይዛው መጣች። በአንደኛው ጫፍ የልብስ ክምር ላይ አቆመችውና በሌላው ጫፍ ሆና፣ ሁለት ረድፍ በተንበረከኩ ሴቶች መሐል አሻግራ አየችው። አሥራ ስምንት ሴቶች መደብደቢያቸውን አስቀምጠው ዞር ብለው አዩ። እማማ ቱርኔል አማተበች።

«ትስቃለች» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

ዜሊ ወደ ሥዕሉ መራመድ ጀመረች። ሴቶቹ እንዳትሄድ ፈልገው ነበር፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። ግን እናትን ልጅሽን ከሩቅ እይ የሚላት ማን ነው? ሄደች፣ ደረሰች፣ ጠፋችባት። ተመልሳ ራቀች፣ መጣችላት፤ ቀረበች፣ ጠፋችባት። እማማ ቱርኔል መጨረሻ ላይ ተነስታ ሥዕሉን በአንሶላው ጠቀለለችው።

«በቃ» አለቻት። «እራስሽን ትገድያለሽ።»

«ከሥሩ አለች እኮ፣ እማማ። ሙሴው ራሱ ነው የነገረኝ። በላዩ ቀባሁበት አለኝ።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

ዜሊ ሥዕሉን አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ምን ሆነና ነው? ከላይ ያለውን አውጥቶ ከሥር ያለውን መመለስ አይደለም ወይ? ወይን ከነጭ ገበታ ልብስ ላይ ታወጣለች፤ ከወይኑ ሥር ያለው ጥልፍ አንድ ክሩ ሳይጎዳ ይወጣል። ደም ከሐር ላይ ታወጣለች፤ ከደሙ ሥር ያለው የሐሩ ቀለም እንዳለ አለ። ከሥሩ ያለ ነገር ይወጣል፤ ቀስ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለጋትም፣ እጇ ያውቀዋል። ያላወቀችው አንድ ነገር ነው። የጨርቅ ቀለም ክሩ ውስጥ ይገባል፤ የሠዓሊ ቀለም ክሩ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ የላዩም የታቹም ከአንድ ዘይት። ይህን የሚነግራት ሠዓሊ አጠገቧ አልነበረም። እሷም ይከለክለኛል ብላ ሄዳ አልጠየቀችውም።

የዐቢይ ጾሙ ሦስተኛ እሁድ ጠዋት፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ባዶዋ ጀልባ ላይ ተንበረከከች። ፀሐይ ወጥታ ነበር። እንደ ጥሩ አጣቢ መጀመሪያ ጥጉን ሞከረች፦ ከታች በስተግራ ሣሩን በውሃ። አልለቀቀም። በሳሙና፤ አልለቀቀም። ይህ ልቧን አጸናው፤ ቶሎ የማይበላሽ ጨርቅ ነው አለች። ከዚያ እድፍ የሚበላውን የአመድ ውሃ በመጠኑ አቀጠነች፣ ለሕፃን ልብስ የሚሆነውን ያህል። ለስላሳ ጨርቅ በጣቷ ላይ ጠቅልላ ነከረችና የልጇን ፊት መዳበስ ጀመረች። ልጅቷን በልጅነቷ ፊቷን ስታጥባት እንደነበረው፣ ከግንባር ጀምራ ወደ ታች።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሮዙ ቀለም ጨርቁ ላይ መጣ። ቀጥሎ ሰማያዊው ጥላ። ዜሊ ጨርቅ ቀየረች። በሦስተኛው ጨርቅ፣ ከሮዙ ሥር አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር ብቅ አለ። ቅንድብ ነው። ከቅንድቡ ሥር ዓይን። ግራ ዓይኗ፣ ጥጉ ትንሽ ወረድ ያለው፣ በሣቅ የተጨመቀው። ዳቦ ጋጋሪውም ሚስቱም ተሳስተዋል፤ ግራጫም ቡናማም አይደለም፣ አረንጓዴ ነው፣ በክረምት እንደ ወንዙ።

ዜሊ ጮኸች። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የነበሩ ሰዎች ሰምተናል ይላሉ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ልጇ ከሥሩ ወጥታ አየቻት።

አመድ ውሃ ግን የጀመረውን አይተውም። የላዩን ከበላ የታቹን ለይቶ አይምርም። የሥዕሉ ዓይን እያየችው እንደ ላበው ሰው መርጠብ ጀመረ፣ ጥጉ ፈሰሰ፣ ከቅንድቡ ጋር ተቀላቀለ። ዜሊ ንጹህ ውሃ ልትደፋበት ባልዲ ስትስብ ቸኮለችና ከሴን የቀዳችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገለበጠችው። ውሃው ሲወርድ ዓይኑም ወረደ። የቀረው ሸራው መጀመሪያ የተቀባው ነጭ ቀለም ነበር፣ ከነጩም ሥር ሸራው፣ ደህና፣ ጠንካራ፣ ንጹህ የተልባ ሸራ። ቀሚሱ ጭረቱን እንደያዘ ቆሟል። ጃንጥላው ተዘርግቷል። ከአንገት በላይ ታጥቧል።

ሰዎቹ ሲደርሱ ሸራውን በሁለት እጇ ይዛ ውሃው ላይ እያየች ነበር። እማማ ቱርኔል አብራት ተንበረከከች። ምን ሆነ ብላ አልጠየቀችም፤ ጨርቆቹን አይታለች። ዜሊ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

«አየኋት፣ እማማ። አይቻት እንደገና ጠፋችብኝ። ዓይኗ ምን ነበር? አሁን አይቼው፣ አሁን!»

ከዚያ ወዲያ ዜሊን መጠበቅ ግድ ሆነ። ከወንዙ ማለቴ ነው። አጣቢዎቹ ተማክረው ከጀልባዋ ጫፍ ወደ መሐል አዛወሯት፣ ግራና ቀኟ ሰው እንዲኖር። ምግብ ሲሰጧት ትበላለች፣ ልብስ ሲሰጧት ታጥባለች። አረንጓዴ መሆኑን ታስታውሳለች፣ ቃሉን። አረንጓዴውን ግን አታስታውስም።

ግንቦት ላይ ሙሴ ብሪሳር ከነጃንጥላው መጣ። እማማ ቱርኔል ጣቢያ ድረስ ሄዳ ከባቡር ሲወርድ ይዛው የሆነውን ነገረችው፤ የነገረችውም በለሆሳስ አልነበረም። ሠዓሊው ቀጥ ብሎ ወደ ዜሊ ክፍል ሄደ። የታጠበውን ሸራ አየ። ሥዕሌን አበላሸሽ አላላትም።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ማዳም» አላት። «ከሥሩ አለ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወረቀትና ከሰል አወጣ። እንደገና እሠራታለሁ፣ እርስዎ ይንገሩኝ አላት። እሱም ቢሆን አያስታውስም ነበር፤ ሁለት እሁድ ያየው ፀሐዩን ነው። ዜሊ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አገጯ ክብ ነው ወይስ ሹል ሲላት፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርግ ነበር ትለዋለች። ግንባሯ ሰፊ ነው ወይ ሲላት፣ ጠዋት ታስነጥሳለች ትለዋለች። ይሥላል፣ ያሳያታል፣ ራሷን ትነቀንቃለች። አጥፍቶ ይሥላል። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል እንደሚባለው ሁለቱም የሌለ ነገር ጨብጠው ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። ወለሉ በወረቀት ተሞላ። የሁሉም ወረቀት ልጅ ቆንጆ ናት፣ ሁሉም የሌላ ሰው ልጅ ናቸው።

ዘጠነኛው ወረቀት ላይ የሠዓሊው እጅ ዝሎ ነበር። ፊቱ በከሰል ጠቁሯል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ወረቀቱን እንደ ለማኝ በሁለት እጁ ዘረጋላት። ዜሊ ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች። ሰውየው አሳዘናት።

«እሷ ናት» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እሷ ናት፣ ሙሴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሙሴ ብሪሳር አለቀሰ። እጇን ስሞ ወጣ። እሷም ወረቀቱን ከአልጋዋ በላይ በአራት ሚስማር መታችው። ማታ እማማ ቱርኔል ሾርባ ይዛላት መጣች። ሳህኑን እንደያዘች ግድግዳው ፊት ቆማ ወረቀቱን አየች። ኖኤሚን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ታውቃታለች፤ አዋላጇ እሷ ነበረች።

«ትመስላለች» አለች።

«አትመስልም፣ እማማ» አለች ዜሊ። «ይህን እንኳ አውቃለሁ። እሷ አለመሆኗን አውቃለሁ።»

«ታዲያ አውርጃታ!»

«አሁን ምን ያደርግልኛል? ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣው ይቺ ናት።»